የሀብሀብ አጠውልግ፦ ከመርጨት በፊት መለየት

በቆላማ የመስኖ ቀበሌዎች ሀብሀብ ያለማ አርሶ አደር ይህን ሁኔታ ሳያይ አልቀረም። ሐረጉ መሬቱን ሸፍኖ፣ ፍሬው መያዝ ጀምሮ፣ ነጋዴ ዋጋ በሚጠይቅበት ሰሞን በማሳው መካከል አንድ ተክል ቀን ቀን ይጠወልግና ሲመሽ መልሶ ይነሣል። ውኃ ጠምቶት ነው ተብሎ ቦይ ይከፈትለታል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ከአንዱ ተክል ላይ አንደኛው ሐረግ ደርቆ ሌላው አረንጓዴ እንደሆነ ይታያል። ቀጥሎ በዙሪያው ያሉት ይከተላሉ። አርሶ አደሩ የደረቀ ቅጠል ይዞ ወደ ከተማ ይሄዳል፤ ከኬሚካል መሸጫ ሱቅ "የሻጋታ መድኃኒት" ተብሎ የተሰጠውን ገዝቶ ይመለሳል፤ ይረጫል። ሀብሀቡ ግን መድረቁን አያቆምም።

በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚወቀሰው መድኃኒቱ ነው። የተበላሸ ወይም የተጭበረበረ ኬሚካል በገበያ ላይ አይጠፋም። ነገር ግን በሽታው ያለው ከአፈሩና ከግንዱ ውስጥ ከሆነ፣ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን በቅጠል ላይ የሚረጭ ኬሚካል አይደርስበትም። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" እንደሚባለው፣ ስሙ ያልታወቀ በሽታም መድኃኒት አይገኝለትም።

በአፈር ውስጥ የሚኖር ጠላት

ከላይ የተገለጸው ምልክት በአብዛኛው የሚያመለክተው ፉሳሪየም የተባለውን ፈንገስ ነው። ፈንገሱ በሥር በኩል ገብቶ ውኃና ማዕድን ወደ ላይ የሚያስተላልፉትን የተክሉን ቧንቧዎች ይዘጋል። አፈሩ ርጥብ ሆኖ ሳለ ተክሉ በጥም የሚደርቀው በዚህ ምክንያት ነው። የአፈር ሙቀት ወደ 27 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጠጋ በሽታው ይበረታል፤ ይህም ሀብሀብ ከሚመቸው የቆላ አየር ጋር ይገጥማል። ከሁሉ የከፋው ግን ፈንገሱ ሀብሀብ በሌለበት አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሊቆይ መቻሉ ነው።

በሽታው አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ኤርዊን ስሚዝ በ1894 እ.ኤ.አ. ገልጾታል። የአገሩን ሀብሀብ አምራቾች ከኪሳራ ለማውጣት የተሞከረው ዋነኛ መንገድም መርጨት አልነበረም። ዊልያም ኦርተን የተባለው ባለሙያ ጣፋጩን ሀብሀብ ከአፍሪካ ከመጣ፣ ከማይበላ ነገር ግን በሽታውን ከሚቋቋም የሀብሀብ ዝርያ ጋር አዳቅሎ በ1911 እ.ኤ.አ. "ኮንከረር" የተባለ ዝርያ አወጣ። ዛሬም የመከላከሉ መሠረት ዘርና አፈር ናቸው።

ቢላዋና አጉሊ መነጽር

በሀብሀብ ማሳ ላይ ተመሳሳይ የሚመስሉ በርካታ ችግሮች ይከሰታሉ። መፍትሔያቸው ግን የተለያየ ነው። አብዛኞቹን ለመለየት የልማት ሠራተኛው የሚያስፈልገው አንድ ስለታም ቢላዋ፣ አንድ አጉሊ መነጽርና በጠዋት ማሳ ውስጥ መገኘት ነው።

የመጀመሪያው ሥራ መጠውለግ የጀመረ፣ ነገር ግን ያልሞተ ተክል ከነሥሩ መቆፈር ነው። ሥሩ ላይ እንደ ዶቃ የተደረደሩ እብጠቶች ከታዩ ችግሩ ሥርን የሚያሳብጥ ኔማቶድ የተባለ በዓይን የማይታይ ትል ነው። ሥሩ ካላበጠ የግንዱ ግርጌ በቁመቱ ይሰነጠቃል። ከልጡ ሥር ያለው የእንጨቱ ክፍል ቡናማ መስመር ከያዘ የፉሳሪየም አጠውልግ ጥርጣሬ ይጠነክራል። ጤነኛ ግንድ ሲሰነጠቅ ውስጡ ነጣ ያለ አረንጓዴ ነው። ለማነጻጸር ከዚያው ማሳ ጤነኛ ተክል አብሮ መቁረጥ ይበጃል። ሥሩም ውስጡም ጤነኛ ከሆነና አፈሩ ደረቅ ከሆነ ግን ችግሩ በእርግጥም የውኃ ነው።

ቁስሉ ከግንዱ ውጭ ሆኖ ቡናማ ሙጫ የሚያወጣና በላዩ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች የሚታዩበት ከሆነ ደግሞ በሽታው ሌላ ነው፤ ሙጫ አፍላቂ የግንድ አድርቅ ሊባል ይችላል። በፍሬው ላይ ክብ፣ ወደ ውስጥ የሰረጎደና በርጥበት ጊዜ መሐሉ ሮዝ የሚሆን ቁስል ካለ አንትራክኖስ ነው። ቅጠሉ ላይና ታች ዱቄት የተነፋበት የሚመስለው ዱቄት መሳይ ሻጋታ ዝናብ ሳይኖርም ይስፋፋል። ከላይ ቢጫ ነጠብጣብ፣ በጠዋት ሲገለበጥ ደግሞ ከሥሩ ግራጫ ሻጋታ የሚያሳየው ቅጠል ግን በርጥበት የሚዛመተውን ሌላውን ሻጋታ ያመለክታል። እነዚህ አራቱ በወቅቱና በትክክለኛው ኬሚካል ከተረጩ ሊገቱ ይችላሉ። ፉሳሪየም ግን ተክሉ ውስጥ ከገባ በኋላ በርጭት አይድንም።

ልዩነቱ የገንዘብ ልዩነት ነው። ፉሳሪየምን በቅጠል መርጨት ሊታገል የሞከረ አርሶ አደር የኬሚካል ዋጋውን፣ የጉልበቱን ክፍያና ምርቱን አብሮ ያጣል። አንትራክኖስን "አጠውልግ ነው፤ መድኃኒት የለውም" ብሎ የተወ ደግሞ ሊድን የሚችል ፍሬ ያጣል።

ነጋዴው ይሄዳል፣ መሬቱ ይቀራል

የአጠውልግ ጉዳይ የአንድ ማሳ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የመስኖ መሬት በብዙ አካባቢ ለአንድ ወይም ለሁለት የምርት ወቅት ይከራያል። ተከራዩ ሀብሀብ በሀብሀብ ላይ ደጋግሞ ዘርቶ፣ ምርቱ ሲቀንስ ወደ ሌላ ቀበሌ ይሄዳል። በበሽታ የተበከለው አፈር ግን የሚቀረው ለባለይዞታው ነው። በኪራይ ውሉ ላይ የኪራዩ መጠንና ጊዜ ይጻፋል፤ በመሬቱ ላይ ምን ተዘርቶ እንደነበርና ምን በሽታ እንደታየ ግን በአብዛኛው አይጻፍም።

በኩታ ገጠም በሚለማ ማሳ ደግሞ ጉዳቱ ድንበር አይጠብቅም። ፈንገሱ በመስኖ ውኃ፣ በእርሻ መሣሪያ ላይ በተጣበቀ ጭቃ፣ በተበከለ ዘርና ችግኝ ይተላለፋል። ከላይ ያለው አርሶ አደር የነቀለውን የታመመ ተክል ቦይ ውስጥ ከጣለ፣ ከታች ያለው በሚቀጥለው ዓመት ያጭደዋል።

ከወረዳው የሚጠበቀው

አንዳንድ የወረዳ ኃላፊዎች ላቦራቶሪ በሌለበት በሽታ መለየት አይቻልም የሚል ምክንያት ሊያቀርቡ ይችላሉ። ምክንያቱ ከፊል እውነት አለው። የፈንገሱን ማንነት በእርግጠኝነት የሚናገረው ላቦራቶሪ ነው፤ ውጤቱም ለያዝነው ወቅት ሰብል ላይደርስ ይችላል። ሆኖም የመጀመሪያው ውሳኔ፣ ማለትም ይረጭ ወይስ አይረጭ የሚለው፣ በማሳ ላይ በቢላዋ ሊወሰን ይችላል። የላቦራቶሪው ውጤት ዋና ጥቅም ለቀጣዩ ወቅት ነው፤ የትኛው ማሳ ላይ ሀብሀብ እንደማይዘራ ይወስናል።

በአገሪቱ የተለያዩ አካባቢዎች የዕፅዋት ጤና ክሊኒኮች አሉ። የአምቦ ግብርና ምርምር ማዕከል በዕፅዋት ጥበቃ፣ የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በአትክልትና ፍራፍሬ የቆየ ልምድ አላቸው። የሚላከው ናሙና ግን ብዙ ጊዜ ከመንገድ ላይ ይበላሻል። ሞቶ የደረቀ ቅጠል ለምርመራ አይጠቅምም። መጠውለግ የጀመሩ ሦስት ወይም አራት ተክሎች ከነሥራቸው ተቆፍረው፣ በፕላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ተጠቅልለው፣ ከፀሐይ ተጠብቀው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ መድረስ አለባቸው። የዝርያው ስም፣ ዘሩ የተገዛበት ቦታ፣ የተዘራበት ቀን፣ ቀደም ሲል በማሳው የነበረው ሰብልና የተረጨው ኬሚካል አብሮ መጻፍ ይኖርበታል።

የሰብል ጥበቃ ሪፖርትም መፈተሽ ያለበት ይመስላል። "ይህን ያህል ሄክታር ተረጨ" የሚለው ቁጥር በሽታው መለየቱን አያሳይም። ምን ያህል ማሳ ተጎበኘ፣ ምን በሽታ ተለየ፣ በየትኛው ቀበሌ የሚሉት ጥያቄዎች በቅጹ ላይ ቢገቡ የልማት ሠራተኛው ሥራ ከመርጫ መሣሪያ ይልቅ ከማሳ ምልከታ ይጀምራል። የኪራይ ውል የሚመዘግበው የመሬት ጽሕፈት ቤትም የማሳውን የሰብል ታሪክ አንድ መስመር ቢጨምር ባለይዞታው መከራከሪያ ያገኛል። በአዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ መሸጥ ክልክል ነው፤ የሱቆች ቁጥጥር ግን ሻጩ ለየትኛው በሽታ ምን እንደሚሸጥ እስከ መጠየቅ ሊደርስ ይገባል።

ከመጪው ዘር በፊት

አጠውልግ የታየበት ማሳ ላይ አርሶ አደሩ ዛሬ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ነገሮች አሉ። የታመመውን ተክል ከነሥሩ ነቅሎ ከማሳው ውጭ ማቃጠል፣ ዶማና ማረሻ ወደ ጤነኛ ማሳ ከመግባቱ በፊት ጭቃውን ማጠብ፣ ከታመመ ማሳ ዘር አለመያዝ ቀዳሚዎቹ ናቸው። በዚያ ማሳ ላይ ቢያንስ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ሀብሀብ አለመዝራት፣ በምትኩ በቆሎ፣ ማሽላ ወይም ሽንኩርት ማፈራረቅ የፈንገሱን ብዛት ይቀንሳል፤ ፈጽሞ ግን አያጠፋውም። እንደ ክሪምሰን ስዊት ያሉ ዝርያዎች በተወሰነ ደረጃ ይቋቋማሉ፤ ሁሉንም የፈንገሱን ዓይነቶች ግን አይችሉም። በጃፓንና በኮሪያ ሀብሀብን በቅል ወይም በዱባ ሥር ላይ አዳቅሎ መትከል የተለመደ ነው፤ ቅልና ዱባ ባሉበት አገር ይህን መሞከር ለምርምር ማዕከላት ሩቅ ሊሆን አይገባም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሚቀድመው ግንዱን ሰንጥቆ ማየት ነው። ያ ሥራ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። ሳይታይ የቀረ እንደሆነ የሚከፈለው ዋጋ ግን አርሶ አደሩ ለልጁ የሚያወርሰው መሬት ነው።