ለሚያሳድገው ቤት ይከፈል



በቆቦና በራያ ቆላ ወላጅ ያጡ ልጆች ጉዳይ በተነሣ ቁጥር የሚመጣው መፍትሔ አንድ ነው፦ «ማሳደጊያ ይሠራልን»። በቀበሌ ስብሰባ ይባላል፤ እርዳታ ሰጪ ሲመጣ ይባላል፤ ሪያድና ዋሽንግተን ያሉት ልጆቻችን ገንዘብ ሲያሰባስቡም ይኸው ይባላል። እኔ አልስማማም። ገንዘብ ከተገኘ መግባት ያለበት ልጁ ዛሬ ማታ ወደሚያድርበት ቤት ነው። አብዛኞቹ ልጆች ደግሞ የሚያድሩበት ቤት አላቸው፤ የአክስት፣ የአያት፣ አንዳንዴም ምንም ዝምድና የሌለው የጎረቤት ቤት።

ልጆቹ ወላጆቻቸውን እንዴት እንዳጡ ለራያ ሰው አይነገርም። በጳጉሜን 2013 ቆቦና ዙሪያዋ ላይ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። በነሐሴ 2014 ጦርነቱ ዳግም ሲያገረሽ ቀድሞ የነደደው የእኛው ሜዳ ነው። የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ወዲህም የተኩስ ድምፅ ከጆሯችን አልራቀም። በዚህ ላይ በጅቡቲ በኩል ሳዑዲ እንገባለን ብለው ወጥተው በበረሃና በባሕር የቀሩ አባቶችና እናቶች አሉ። ልጆቻቸውን ማን አነሣቸው? ሰው አነሣቸው። በእኔ ሰፈር የሌላ ሰው ልጅ የያዘ ቤት ፈልጎ ማግኘት አያስቸግርም።

አንዷን ጎረቤቴን ላንሣ። በራሷ ሦስት ልጆች ላይ የሟች እኅቷን ሁለት ልጆች ጨምራ ታሳድጋለች፤ የምትኖረው ጉልት ላይ ሽንኩርትና በርበሬ እየቸረቸረች ነው። ልጆቹን ስትቀበል ማንም አልለመናትም። የሐዘኑ ሰሞን እንጀራውም ቡናውም ከየቤቱ ጎረፈላት። «አብሽሪ፣ እኛ አለን» አልናት። ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ግን ደብተሩ፣ ዩኒፎርሙ፣ ጫማው፣ የወፍጮው፣ የጤና መድህኑ መዋጮ ሁሉ የእሷ ብቻ ሆነ። ልጆቹን በሕግ የራሷ ለማድረግም አስባ ነበር። ማመልከቻ ጸሐፊው ይከፈለዋል፣ ፎቶው ይከፈልበታል፣ ከቀበሌ ደብዳቤ ይመጣል፣ ምስክሮች ሥራቸውን ትተው ሲመላለሱ ቢያንስ ትራንስፖርታቸው ይቻላል፣ በዚያ ሁሉ ቀን ደግሞ ጉልቱ ተዘግቶ ይውላል። ይህን አስልታ ተወችው።

«ያለ ወረቀት ማሳደግ አይቻልም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይቻላል፤ አባቶቻችን ያለ ወረቀት ስንቱን አሳድገዋል። ዛሬ ግን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ የቤትና የመሬት ውርስ ሁሉ የሚጠየቀው በወረቀት ነው። በ1992 የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ሆነ በ1995 የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ የጉዲፈቻን ልጅ ከአብራክ ልጅ እኩል ያደርጉታል። ይህ ለልጅ ትልቅ ከለላ ነው። አሳዳጊዋ ነገ ብትሞት «ይቺ እኮ ልጇ አይደለችም» ብሎ ከበር የሚያስወጣ ዘመድ እንዳይነሣባት ይጠብቃታል።

ሕጉ የሚጠይቀውም ከባድ አይደለም። ጉዲፈቻ አድራጊው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው፣ ልጁ ከ18 ዓመት በታች የሆነ፣ ባለትዳር ከሆኑ ሁለቱም የተስማሙ፣ ውሉም በፍርድ ቤት የጸደቀ ሊሆን ይገባል። ፍርድ ቤቱ ከማጽደቁ በፊት የልጁን ጥቅም ይመረምራል፤ አሳዳጊው ልጁን ተንከባክቦ የማሳደግ አቅም እንዳለውም ያያል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ሽንኩርት ቸርቻሪዋ አክስት አቅሟ ሲመዘን ብቻዋን ትቆማለች። ከኋላዋ የቆመ፣ «ይህን ያህል እህልና የትምህርት ወጪ እኛ እንሸፍናለን» ብሎ ፈርሞ ለችሎት የሚያቀርብ አካል ቢኖር ግን ዳኛው የሚያየው አቅም የአንዲት ሴት ብቻ አይሆንም።

ይህን ወጪ የመጋራት ነገር ሌላው ዓለም ያውቅበታል። ልጆቻችንን ወደ ውጭ በምንሰጥበት ዘመን አንድ የአሜሪካ ቤተሰብ ለአገናኝ ድርጅት፣ ለጉዞና ለሰነድ ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። ብዙዎቹ ሀብታሞች አልነበሩም። ከቤተ ክርስቲያናቸው ስጦታ፣ ከበጎ አድራጎት ድርጅት ድጎማ ወይም ያለ ወለድ ብድር፣ ከመሥሪያ ቤታቸው ድጋፍ እየለቀሙ ነው የሞሉት። መንግሥታቸውም ከግብር ይቀንስላቸዋል፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ቅናሹ በአንድ ልጅ እስከ 16,810 ዶላር ደርሶ ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ2,500 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ወደ አሜሪካ ሄደዋል። ያ ገንዘብ እዚህ ምን እንዳመጣም አይተናል፤ በየከተማው ማሳደጊያ በዛ፣ እናት ያለው ልጅ ወላጅ አልባ ተብሎ እስከመሰጠት ተደረሰ። ሐና የተባለችው ልጃችን በ2003 ዓ.ም. በአሜሪካ በአሳዳጊዎቿ ቤት ግፍ ደርሶባት ሞተች፤ አሳዳጊዎቿም ተፈረደባቸው።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2010 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻን ሲከለክል ደስ ካላቸው አንዱ ነኝ። በሩ መዘጋቱ ትክክል ነበር። ነገር ግን ለባዕድ ስንዘጋው ለአገሩ ሰው የከፈትንለት በር የትኛው ነው? ፈረንጁን የሚያግዘው ቤተ ክርስቲያኑና መንግሥቱ ናቸው፤ የቆቦዋን አክስት የሚያግዛት ማነው? የግብር ቅናሽ ለእሷ ምንም አይፈይድላትም፤ የሚቀነስ ግብር የላትም። የእኛ መንገድ ሌላ መሆን አለበት።

ወደ መንገዱ ከመግባቴ በፊት ስለ ማሳደጊያ ትንሽ ልበል፤ ወሎ ለዚህ ነገር አዲስ አይደለችምና። በጥቅምት 1977 ዓለም የኮረምን ረሃብ በቴሌቪዥን ባየበት ጊዜ እናት አባቱን ያጣ ሕፃን ስፍር ቁጥር አልነበረውም፤ ማሳደጊያም በየቦታው ተከፈተ። ክፉ ቀን ነበርና ማንንም አልወቅስም። ግን ያኔ ማሳደጊያ ከከፈቱት መካከል ዛሬ ኢየሩሳሌም የሕፃናትና የማኅበረሰብ ልማት ድርጅት የሚባለው ቆይቶ የደረሰበትን ልብ እንበል፤ ልጆቹን ከግቢ አውጥቶ ወደ ዘመድና ወደ ማኅበረሰብ መለሰ፣ ሥራውንም ወደ ቤተሰብና ወደ ሰፈር አዞረ። መንግሥትም በ2001 ባወጣው የአማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ ማሳደጊያን የመጨረሻ አማራጭ አድርጎታል። ግቢ ውስጥ ያደገ ልጅ ሲወጣ ሰርግ የሚደግስለት፣ ሲታመም የሚያስታምመው፣ ሲሞት የሚቀብረው ሰው ፍለጋ ይጀምራል። ለራያ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አበበች ጎበናንም እዚህ ማንሣት ይገባኛል። በ1972 ግሸን ማርያም ሊሳለሙ መጥተው የወሎን ረሃብ አዩ፤ ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። ብዙ ሳይቆይ ቤታቸው በልጅ ሞላ፣ ትዳራቸው ፈረሰ፣ ጌጣቸውን ሸጡ፣ እንጀራ ጋግረው እየሸጡ አበሉ። በ2013 እስኪያርፉ ድረስ የሺዎች እናት ሆነው ኖሩ፤ እኛም ክብር ሰጠናቸው። እኔን ሁልጊዜ የሚያንገበግበኝ ግን ያ የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ባልና ጎረቤት፣ ዕድርና መንግሥት ከጎናቸው ቢቆሙ ኖሮ ልጆቹን ለማዳን ትዳርና ጌጥ መክፈል ባልነበረባቸው። ደግ ሰው ደግነቱን ብቻውን እንዲከፍል መተው ልማድ ሆኖብናል።

አሁን ወደ መንገዱ። ሌላው አገር ዕድር የሚለው ቅሬ አለን። ሰው ሲሞት አፈር ከማልበስ ጀምሮ ሐዘንተኛውን እስከመመገብ ድረስ ቅሬ የማይደርስበት የለም፤ በብዙ ሰፈር እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው። የቅሬ ጸሐፊ ሆኜ ስላገለገልሁ መዋጮ እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ ያልከፈለ እንዴት እንደሚጠየቅ አውቃለሁ። በነፍስ የተፈላለጉ ሲታረቁና ደም ሲደርቅ ዘመድ አዝማድ ተጠርቶ ለካሣው እንደየአቅሙ እንደሚያዋጣም አውቃለሁ። ለሟች ይህን ያህል የተደራጀ ሕዝብ ሟቹ ጥሎት ለሄደው ልጅ የሚሆን መዝገብ የለውም። የእኔ ሐሳብ እያንዳንዱ ቅሬ የልጆች መዝገብ ይክፈት የሚል ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ማሽላው ሲወቃ እያንዳንዱ ቤት አንድ ቁና ይስጥ፤ በዚያ ወቅት እህል ርካሽ ነው፣ ሰውም እጁ ይፈታል። የሙስሊሙ ዘካና ሰደቃ፣ የክርስቲያኑ ሰንበቴና ማኅበር ወደዚሁ ጎተራ ቢደርስ የሚከለክል ሃይማኖት የለም። ከአርባና ከተዝካር ድግስ ላይ ጥቂት ቢቀነስለት ሟቹ የሚቀየም አይመስለኝም።

ዝናብ በቀረበት ዓመት ይህ ጎተራ ባዶ እንደሚሆን አውቃለሁ። ቆላው የሚኖረው ከደጋ በሚወርደው ጎርፍ ነው፤ ጎሊናና ሆርማት ሲነጥፉ ሁሉም ይራባል። ስለዚህ መንግሥት የሚገባበት ቦታ አለ። ሴፍቲኔት ከ1997 ጀምሮ አገሪቱ ውስጥ አለ፤ ድጋፉ ግን የሚታደለው በተመዘገበ የቤተሰብ አባል ነው። ልጅ ወደ ቤቱ የሚመጣው ዝርዝሩ በሚታደስበት ወር አይደለም። የልጅ ልጇን የተቀበለች አያት ብቻዋን ተመዝግባ የአንድ ሰው ድጋፍ ለሁለት ትካፈላለች። ቅሬውና ቀበሌው በአንድ ላይ ፈርመው ሲያረጋግጡ ልጁ በዚያው ወር ስሙ ይግባ። የጤና መድህኑም ካርድ እንደዚሁ፤ የዓመቱን መዋጮ መክፈል ያቃተውን አሳዳጊ ቅሬው ይክፈልለት።

የፍርድ ቤቱ ወጪ ከሁሉ ይቀላል። ለድሃ የዳኝነት ክፍያ የሚቀርበት ሥርዓት በሕጋችን አለ። የሚጎዳው መመላለሱ ነው። ተዘዋዋሪ ችሎት በሮቢት፣ በጎብዬና በዞብል በገበያ ቀን እየተቀመጠ የጉዲፈቻን ማመልከቻ ቢሰማ፣ ምስክሩም አሳዳጊውም ለገበያ በመጡበት ይጨርሳሉ።

የጉዲፈቻ ውል ግን ለሁሉም አይሆንም። በእስልምና የልጁ የአባት ስም አይቀየርም፤ ሙስሊሙ ጎረቤቴ የቲሙን በከፋላ ያሳድጋል እንጂ በጉዲፈቻ ውል አይገባም። ኢትዮጵያ በ1983 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም ከፋላን በስሙ ጠርቶ ያውቀዋል። ስለዚህ ድጋፉ የጉዲፈቻ ወረቀት ላለው ብቻ ከተባለ ሙስሊሙን የራያ ሰው ይተዋል። ልጁ የትም ይደር፣ በምንም ዓይነት ውል ይያዝ፣ ድጋፉ ልጁን ይከተል።

ትልቁን ስጋት አልሸሽም። ገንዘብና እህል ካለ ልጅን ለጥቅም የሚወስድ ይመጣል፤ ለከብት ጥበቃ፣ ለውኃ መቅጃ የሚፈልግም አለ። ይህ አሁንም ያለ ድጋፉ እየሆነ ነው። የቤተሰብ ሕጉ ልጁን እንደ ባሪያ የያዘውን ወይም መጪ ሕይወቱን የሚያበላሽበትን አሳዳጊ ጉዲፈቻውን ያፈርስበታል፤ ማን አይቶ ይከሰዋል ነው እንጂ። ከቅሬ ሴቶች የሚያይ አይን የለም። እህሉን በየወሩ ይዘው የሚሄዱት እነሱ ይሁኑ፤ ልጁ ትምህርት ቤት መዋሉን፣ እግሩን፣ ልብሱን፣ ሳህኑን ያዩታል። ትምህርት ያቋረጠ ልጅ ቤት ድጋፉ ይቁም፣ ቅሬውም ይጠይቅ።

ውጭ ላላችሁት ወንድሞቼና እኅቶቼ የምለው አለኝ። በጎፈንድሚ ለአንድ ትልቅ ሕንፃ የምታዋጡትን በወር በወር ለአንድ ቤት አድርጉት። የቅሬው የባንክ ሂሳብ በሦስት ሰው ፊርማ ይንቀሳቀስ፤ ከሦስቱ አንዷ ሴት ትሁን፤ ወጪውም በቅሬው ስብሰባ ላይ ይነበብ። የእኛ ቅሬ በሚቀጥለው ስብሰባው ይህን አጀንዳ እንዲይዝ ጠይቄያለሁ። ሌሎች ቅሬዎች የጀመሩት ነገር ካለ በዚሁ ገጽ ቢጽፉልን፣ ደንባቸውንም ቢያወጡልን እንማርበታለን።

አንባቢያችሁ፣ ከቆቦ