«የእውነት አድናቂ» ማነው?

ሙሉቀን መለሰ በ2016 ሚያዝያ ላይ አሜሪካ ሲያርፍ አንዲት ተማሪዬ ፎቶውን ፕሮፋይሏ ላይ አደረገች። የክፍል ጓደኞቿ «ትናንት ስሙን የማታውቂ ዛሬ አልቃሽ ሆንሽ?» ብለው አሳቀቋት።

እስቲ ፍረዱ! ሰውየው ዘፈን ትቶ ወደ መዝሙር ሲዞር እኔ መምህሯ እንኳ አልተወለድኩም። በኔ ዕድሜ ካለነው «አድናቂው ነኝ» ባዮች ማን መድረክ ላይ አየው? እኔማ «ሄደች አሉ»ን የለመድኩት ከተገለበጠ ካሴት ነው፣ አምስት ሳንቲም አልከፈልኩበትም። (ደግሞ ለሐዘኑ የለጠፍነው እሱ ራሱ የተዋቸውን ዘፈኖች ነው። መዝሙሩን የለጠፈ ስንት ሰው አያችሁ?)

ልጅቷ ግን ያን ሳምንት ዘፈኖቹን ስልኳ ላይ እየፈለገች ስትሰማ ሰነበተች። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት መጥታ «ቲቸር፣ ይሄ ቃል ምን ማለት ነው?» አለችኝ፤ ግጥሙን በእጇ ጽፋዋለች።

ፎቶውን ግን አንስታዋለች።