«ከ… ጀምሮ» የሚለውን ዋጋ እንዴት እናንብበው?

«ዘመናዊ አፓርታማ በ10 በመቶ ቅድመ ክፍያ! ካሬው ከ100,000 ብር ጀምሮ! ከሰኞ በኋላ ዋጋ ይጨምራል!» እንዲህ ያለ መልእክት ስልካችሁ ላይ ያልመጣበት ሳምንት አለ? አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለምትፈልጉ እንደሌለ እገምታለሁ።

ማስታወቂያ ማዘጋጀት እንጀራዬ ነው። የምሠራው በሌላ ዘርፍ ቢሆንም የሙያው ዘዴ አንድ ነውና ዛሬ የቤት ማስታወቂያ እንዴት እንደሚነበብ እናወራለን። ውሸት የተጻፈበት ማስታወቂያ ብዙም አይገጥማችሁም፤ ኪስ የሚጎዳው ሳይጻፍ የቀረው ነው።

በመጀመሪያ «ጀምሮ» የምትለዋን ቃል እንያት። ይህ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ሰው የማይፈልገውን ፎቅና አቅጣጫ የሚመለከት ነው፤ አንዳንዴም ሙሉውን ክፍያ በአንድ ጊዜ ለሚከፍል ሰው ብቻ የተተመነ ይሆናል። ስለዚህ የሽያጭ ሠራተኛውን «ካሬው ስንት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። «እኔ የምፈልገው ባለ ሁለት መኝታ፣ በዚህ ፎቅ፣ በዚህ አከፋፈል፣ ቫትን ጨምሮ ጠቅላላ ስንት ይመጣል?» በሉና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ለምሳሌ ያህል እናስላው። ማስታወቂያው 90 ካሬ፣ በካሬ 100,000 ብር ይላል እንበል፤ 9,000,000 ብር ነው። ከ90 ካሬው ውስጥ 18ቱ የደረጃ፣ የሊፍትና የኮሪደር ድርሻ ከሆነ፣ በራችሁን ዘግታችሁ የምትኖሩበት 72 ካሬ ብቻ ነው። የእውነተኛው ካሬ ዋጋ 125,000 ብር ሆነ ማለት ነው። ዋጋው ቫትን የማይጨምር ከሆነ 15 በመቶው 1,350,000 ብር ስለሆነ ጠቅላላው 10,350,000 ብር ይደርሳል። ቤቱ በከፊል የተጠናቀቀ ከሆነ ደግሞ የሴራሚክ፣ የበር፣ የቁም ሣጥንና የኪችን ካቢኔት ወጪ ገና ይጠብቃችኋል።

ብዙ ቤተሰብ የሚዘነጋው ሌላ ወጪ አለ፤ የጥበቃ ጊዜው ኪራይ። በወር 25,000 ብር የሚከራይ ቤተሰብ ግንባታው እስኪያልቅ ሦስት ዓመት ቢጠብቅ 900,000 ብር ይከፍላል። ይህ በምሳሌያችን ላይ ከቫት በፊት ካለው የ10 በመቶ ቅድመ ክፍያ ጋር እኩል ነው። ርክክቡ በአንድ ዓመት ሲዘገይ ሌላ 300,000 ብር ይጨመራል፤ የቤቱ የየጊዜ ክፍያ ደግሞ ኪራይ አለባችሁ ብሎ አይጠብቃችሁም። ስለዚህ ውሉ ውስጥ የርክክቡን ቀንና የመዘግየት ካሳውን ፈልጉ። ካሳው ቢያንስ ኪራያችሁን ካልሸፈነ ተደራደሩ። የዋጋ ማስተካከያ የሚል አንቀጽ ካለም በደንብ አንብቡት። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ብር ከዶላር አንጻር ምን ያህል እንደወረደ ሁላችንም አይተናል። ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ከሆነ ዛሬ የፈረማችሁት ቁጥር የመጨረሻው አይደለም።

ከፊርማ በፊት ደግሞ ወደ ወረቀቱ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። የቦታው ካርታ በማን ስም ነው? የግንባታ ፈቃዱ ለስንት ፎቅ ነው? ይዞታው ላይ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ አለ? ይህን ከሻጩ አፍ ሳይሆን ከክፍለ ከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት አጣሩ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ያዝዛል። ቢሮ ውስጥ የሚሰጥ ባለ ቀለም ፎርም ይህን አይተካም።

«አፓርታማው ከአቅማችን በላይ ነው፣ ኮንዶሚኒየም ይሻለናል» የምትሉም ትኖራላችሁ። በ2005 ዓ.ም. ለ20/80 እና ለ40/60 ተመዝግበው ዕጣ የሚጠብቁ አሁንም ብዙ ስለሆኑ፣ ላልተመዘገበ ሰው የቀረው መንገድ በዕጣ ካገኘ ሰው መግዛት ነው። የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ወይም ጀሞ ስትሄዱ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ቤቱ በዕጣ ከተላለፈ አምስት ዓመት ሞልቶታል ወይ? የባንክ ዕዳውስ ስንት ቀርቶታል? አምስት ዓመት ሳይሞላ መሸጥ ስለማይፈቀድ አንዳንዶች በውክልና ይሸጣሉ። ውክልና ሊሻር ይችላል፤ ወካዩ ቢሞትም ይቋረጣል። በርካሽ የተገኘ ቤት ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ካቆማችሁ ምኑ ረከሰ?

ሰፈሩን ደግሞ እሑድ ከሰዓት ሄዳችሁ አትመርጡት። ማክሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከዚያ ተነስታችሁ እስከ መሥሪያ ቤታችሁና እስከ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሂዱ። የታክሲውን ሰልፍ እዩ። ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ሻጩን ሳይሆን የግቢውን ጥበቃ ወይም ጀሪካን የያዘች ጎረቤት ጠይቁ። መብራት ሲጠፋ ሊፍቱ በጄኔሬተር ይሠራል? የሚነዳውስ ማን በሚከፍለው ገንዘብ ነው? አረጋዊት እናት ወይም ሕፃን ላለው ቤት ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅ በየቀኑ የሚከፈል ዋጋ አለው።

እስከዚያው በኪራይ ለምትቆዩ፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠይቅ፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ውላችሁን በጽሑፍ አድርጋችሁ አስመዝግቡ። ኪራያችሁ ሲታወቅ የቁጠባ ዕቅዳችሁም መሬት ይይዛል።

ቅድመ ክፍያውን ከመክፈላችሁ በፊት ባልና ሚስት አንድ ወረቀት ይዛችሁ ተቀመጡ። አምስት ቁጥር ጻፉ፤ ቫትን የጨመረ ጠቅላላ ዋጋ፣ የተጣራ ካሬ፣ የማጠናቀቂያ ወጪ፣ እስከ ርክክብ የሚከፈል ኪራይ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ በየወሩ ለአስቤዛና ለትምህርት ቤት የሚተርፋችሁ ገንዘብ። አምስተኛው ቁጥር ካስፈራችሁ «ከሰኞ በኋላ ይጨምራል» ቢባልም ሰኞን አሳልፏት። ማክሰኞም ሌላ ማስታወቂያ ይመጣል፤ ከእኛ ከማስታወቂያ ሰዎች በላይ ይህን የሚያውቅ የለም።

በሚቀጥለው ወር ስለ ቤት መግዣ ብድር፣ ባንክ ከመሄዳችን በፊት ምን ማዘጋጀት እንዳለብን እናያለን። ቸር ቆዩ!