ፎገራ ፓርክ ውስጥ ብትገባ የትኛዋ ፎገራ ናት?

መዝናኛ ፓርክ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ዥዋዥዌ ነው። እኔ ግን ማንሳት የፈለግሁት ሌላ ነገር ነው። አንድን አገር ወይም አንድን ዘመን ለማሳየት ተብሎ የተከለለ የፓርክ ክፍል፣ የሚያሳየው ነገር ሲለወጥበት ምን ይደረግ?

እስቲ ከሩቅ ልጀምር። ካሊፎርኒያ ያለው ዲዝኒላንድ እ.ኤ.አ. በ1955 ሲከፈት ቱሞሮውላንድ፣ ማለትም የነገው ምድር የተባለ ክፍል ነበረው። ያኔ ሊያሳይ ያሰበው የ1986ን ዓለም ነው። በ1957 የወደፊቱ ቤት ተብሎ ከፕላስቲክ የተሠራ ቤት ተጨመረበት፤ እሱም 10 ዓመት ቆይቶ ፈረሰ። በ1967 ክፍሉ እንደ አዲስ ተሠራ። ነገ ቶሎ ቶሎ እየደረሰ አስቸገራቸው መሰለኝ፣ በ1998 ደግሞ የድሮ ሰዎች ያለሙትን ነገ እንዲመስል አደረጉት። ብዙ ሰው ባይወድላቸውም በእኔ እምነት ሐሳቡ ብልህ ነበር። ቢያንስ የማን ሕልም፣ የየትኛው ዘመን እንደሆነ ይናገራል።

የእኛም አገር የባሰ ፈጣን ነው። አዲስ አበባ በምኒልክ ግቢ የተሠራው አንድነት ፓርክ መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲመረቅ የ9ኙ ክልሎች ማሳያ ነበረው። ልብ በሉ፣ የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ የተካሄደው በዚያው ዓመት ህዳር 10 ነው፤ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም! ሲዳማ 10ኛ ክልል ሆነ፣ በ2014 ደቡብ ምዕራብ ተከተለ፣ በ2015 መጨረሻ ደቡብ ክልል ተከፍሎ ቁጥሩ 12 ደረሰ። እንግዲህ ካርታ በተለወጠ ቁጥር ማሳያውን አፍርሶ መሥራት ነው? እኔ አይመስለኝም። የ9ኙ ማሳያ ራሱ ታሪክ ነው። ዓመተ ምሕረቱ በትልቁ ይጻፍበትና አዲሱ ከጎኑ ይቁም።

ጉዳዩ እኛን ምን አገባው የሚል አይጠፋም። አንድ ቀን እዚሁ ወረታ እንዲህ ያለ ፓርክ ይሠራ ቢባል ፎገራን በምን ታሳዩዋታላችሁ? የዛሬ ልጅ ሩዝ ይላል። አባቶቻችን ግን ላሟን ነው የሚሉት፤ ያቺን ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር፣ ቀንደ አጭር፣ ወተታም፣ ረግረጉን የለመደች ላም። ሩዝ ሜዳው ላይ የገባው በ1970ዎቹ በጅግናና በሻጋ በኩል ነው፤ ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያም ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። ርብና ጉማራ እየሞሉ የሚያጥለቀልቁት መሬት ለሩዝ ተመቸ፣ ገበሬውም ተጠቀመ፣ እንጀራችንም ውስጥ ገባ። የግጦሹ ሜዳ ግን ታረሰ። የፎገራ ላም ቁጥሯ ተመናመነ፣ ከሌላ ከብትም ተዳቀለች፤ የአንዳሳ እንስሳት ምርምር ማዕከል ዝርያው እንዳይጠፋ መንጋ ይዞ እስከመሥራት ደርሷል።

ሩዝ ይጥፋ እያልኩ አይደለም፤ ማን ጎርሶ ማንን ያማል! የምለው ሩዙ ብቻውን ቢሰቀል ሜዳው ከጥንት ጀምሮ ሩዝ የነበረ ይመስላል፣ ላሟ ብቻ ብትሰቀል ደግሞ ዛሬ የምትበላው የሩዝ ጭድ መሆኑ ይደበቃል። ሁለቱም ከነዘመናቸው ይታዩ።

ለዚህ ደግሞ ፓርኩ እስኪሠራ መጠበቅ የለብንም። ያን ሜዳ በእረኝነት የሚያውቁ ሽማግሌዎች ዛሬም በገበያ ቀን ወረታ ይመጣሉ። እንስሳት እርባታ የምንማር ልጆች ደብተር ይዘን ብንጠይቃቸው፣ የሜዳውን የቦታ ስምና የከብቱን የመልክ ስም ብንጽፍ፣ ዲፓርትመንታችን አንድ መደርደሪያ አይነፍገንም።