ለቆቃ እኩዮቼ፦ ስሙን የሚያውቀው ሳያልፍ

አዋሽ ተገድቦ የቆቃ ሐይቅ ሲሞላ በዓይናችን ያየን ሰዎች ዛሬ ጥቂት ቀርተናል። ጣሊያን በጦር ካሳ በከፈለው ገንዘብ የተሠራው ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሲመረቅ ለከተማ መብራት፣ ለወንጂ ሸንኮራም ውኃ ሆነ፤ ከሥሩ ግን የጅሌ ኦሮሞ የግጦሽ ሜዳና መንደር ከነመቃብሩ ቀረ። ሰው ከብቱን ነዳ፣ እህሉን ጫነ፣ ሕፃኑን አዘለ፤ የትኛው መቃብር የማን እንደሆነ፣ በየትኛው ዛፍ ጥላ የየትኛው ጎሳ ሽማግሌ ይቀመጥ እንደነበር ግን የጻፈ አልነበረም። የሚያውቁት ሰዎች አብረውን ስለነበሩ መጻፉ የሚያስፈልግ አልመሰለንም። እነርሱም አንድ በአንድ ሄዱ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ መንደር ምስረታ መጥቶ ሰው ከየቀዬው ሲነሣ ደግሞ የተረፈው ትዝታ ተበተነ።

ዛሬ ያንኑ ቸልተኝነት በሌላ መልክ አያለሁ፤ ስለማየውም ልቤ ያዝናል። የልጅ ልጅ መጥቶ የቅድመ አያታችንን አባት ስም ሲጠይቀን፣ በስልክህ ፈልገው፣ ኢንተርኔት የማያውቀው ምን አለ ብለን እንሸኘዋለን። ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ኢንተርኔት የሚያውቀው ሰው የሰጠውን ብቻ ነው። አውሮፓዊው ፋሚሊሰርች በሚባለው የዘር ሐረግ ፍለጋ ድርጅት ድረ ገጽ ገብቶ የአያቶቹን አያቶች የሚያገኘው ቄሱ የጥምቀቱን፣ ሹሙ የቆጠራውን መዝገብ ለብዙ መቶ ዓመታት ስለጻፉለት ነው። በእኛ አገር ግን ግድቡ በተመረቀበት በዚያው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የክብር መዝገብ እንዲኖር ቢደነግግም ነገሩ ከወረቀት ሳያልፍ ግማሽ ምዕት ዓመት አለፈ፤ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደና የሞተ ሁሉ መዝገቡ እኛ ነን። አባቶቹ ከሰሜን የመጡ ሰው ከ1960ዎቹ ጀምሮ በማይክሮፊልም ተነሥተው ዛሬ በኢንተርኔት በሚታዩት ብራናዎች ኅዳግ ላይ የርስትና የስጦታ ማስታወሻ ሊያገኝ ይችላል፤ የቆቃ ከብት አርቢና የወንጂ ሸንኮራ ቆራጭ ግን በማንም ብራና ላይ አልተጻፉም።

ልጆቹ መፈለጋቸውን አላቆሙም፤ የሚያስፈራኝም ያለ እኛ መፈለጋቸው ነው። አንዲት ልጅ መምህሯ ሰባት ትውልድ ቁጠሪ ብሎ ያዘዛትን የቤት ሥራ በስልኳ በአንድ የዘር ሐረግ ቅጽ ላይ ስትሞላ አጠገቧ ተቀምጬ አየሁ። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም ነው፣ አባትም በገዛ አባቱ። ስለዚህ በዚያ ቅጽ ላይ አባትና ልጅ የሁለት ቤት ሰዎች ሆነው ቁጭ አሉ። የአያቷ ስም በአማርኛ አንድ ዓይነት፣ በቁቤ ሌላ፣ አጎቷ ባሕር ማዶ ባወጣው ፓስፖርት ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ተጽፏል፤ ቤተ ክርስቲያን የሚያውቃቸው በክርስትና ስማቸው ነው፤ የልደት ዘመናቸውም በአንዱ ወረቀት በእኛ አቆጣጠር፣ በሌላው በፈረንጅ ስለሆነ አንዱ ሰው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ያላቸው ሁለት ሰዎች መሰሉ። ይህን ሁሉ የሚፈታው አንድ አዛውንት በአንድ ከሰዓት በኋላ ነበር።

ከዚህ የከፋም አለ። በዚህ አገር ሰው ዘመድ የሚሆነው በደም ብቻ አይደለም፤ በጉዲፈቻ ያደገ ልጅ ልጅ ነው፣ በሞጋሳ ወደ ጎሳ የገባም የጎሳው ሰው ነው። ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታ ለሸንኮራ ሥራ የመጡትም እዚሁ ተጋብተው ወልደዋል። እኛ ዝም ስንል ግን ጎረምሶች በፌስቡክ ከየት እንደተቀዳ የማይታወቅ የዘር ሐረግ እየዘረጉ ማን ነባር ማን መጤ እንደሆነ ይፈርዳሉ። እናንተ ደግሞ ስም ተቆጥሮ ሰው ሲለይ የሚመጣውን ታውቃላችሁ። ሽማግሌ ዝምድና ቆጥሮ ጋብቻ የሚፈቅድበትና የሚከለክልበት ሥርዓት ከጠፋ፣ የአንድ ቤት ልጆች ሳይተዋወቁ መጋባታቸው አይቀርም።

የባሕር ማዶውንም አስቡ። የውጭ አገር ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. እስኪከለከል ድረስ ብዙ ሕፃናት ከዚህ አገር ወጥተዋል፤ ዛሬ አድገው ምራቃቸውን በብልቃጥ ወደ ዘረመል መርማሪ ድርጅት እየላኩ እናታቸውን ይፈልጋሉ። ከእነዚህ ድርጅቶች አንዱ፣ ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2023 የ6.9 ሚሊዮን ያህል ደንበኞቹ መረጃ ተሰርቆበት፣ በ2025 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። የሰው ሥጋና ደም ምስክርነት በገበያ እጅ ሲወድቅ መጨረሻው ይህ ነው፤ ልጆቹን ግን ወደዚያ በር የገፋቸው የእኛ ዝምታ ጭምር ነው።

ጊዜው ገና አልመሸም። ፋሚሊሰርች በጋና የሽማግሌዎችን የቃል ትውልድ ቆጠራ ቤት ለቤት እየዞረ እንደመዘገበው ሁሉ፣ እኛም የሚመጣ ሰው ሳንጠብቅ የገዛ የልጅ ልጆቻችንን እናስቀምጥ። ስልኩን ይክፈቱና ድምፃችንን ይቅዱ፤ ስሙን ረጋ ብለን እየደጋገምን እንጥራ፣ የተወለደበትን ቦታ እንናገር፣ በጉዲፈቻ የገባውን ሳንደብቅ ሳናሳንስም እንጥቀስ። የእናትን ወገን አትዝለሉ፤ የአባት ስም ሲዘልቅ የእናት ስም ግን በሦስተኛው ትውልድ ይጠፋል። የተቀዳው በስልክ ብቻ አይቅር፣ በደብተር ይገልበጥና በሌላ ዘመድ ቤት ይቀመጥ፤ በሕይወት ያለን ሰው ስምና የልደት ቀን ግን በአደባባይ አትዘርጉ። ከመካከላችሁ ሐይቁ ሳይሞላ የነበሩትን መንደሮች ስም የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ፣ ከሁሉ አስቀድማችሁ እነርሱን አስጽፉ።