የደብረ ታቦሩ ልጅ ያልተጻፈ ዕድሜ

ስለ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ስናወራ ዘወትር የምናነሣው ዐፅሙን ነው። ይመለስልን እንላለን፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን ሌላም ያልተመለሰ ነገር አለ ባይ ነኝ፤ እርሱም የኖረው ዕድሜ ነው።

ዓለማየሁ እ.ኤ.አ. በ1861 እዚሁ ደብረ ታቦር ተወለደ። በአቅራቢያችን ባለችው ጋፋት አባቱ ያሠሩት መድፍ ሴባስቶፖል ተባለ፤ በሩሲያ የባሕር ኃይል ወደብ ስም መሆኑ ነው። የደጋ ሰዎች በወደብ ስም መድፍ ሠሩ፤ ባሕሩ ግን ራሱ ተነሥቶ መጣባቸው። በሚያዝያ 1868 እሮጌ ላይ ሮኬት ከተኮሱት መካከል የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሰዎች ነበሩ። መቅደላ ወደቀች፤ ንጉሡ በገዛ እጃቸው ሞቱ። እናቲቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ወደ ባሕር በሚወስደው መንገድ ላይ ዐርፈው ጨለቆት ተቀበሩ። ልጁ በሰባት ዓመቱ መርከብ ተሳፈረ።

ከዚህ ወዲያ ያለውን ብዙዎቻችን «እንግሊዝ ሄዶ በ18 ዓመቱ ሞተ» ብለን እንዘልለዋለን። በመካከሉ ግን ዐሥራ አንድ ዓመት አለ። የመጀመሪያ ጠባቂው አማርኛ አዋቂው ካፒቴን ስፒዲ፣ የእኛ ሰዎች ባሻ ፈለቀ የሚሉት ነበር። መንግሥት ከእርሱ ለይቶ በቼልተንሃም፣ ከ1874 ጀምሮም በራግቢ ትምህርት ቤት አስተማረው። ራግቢ የኳሱ ጨዋታ ስሙን የወሰደበት፣ በቶማስ ሂዩዝ የ1857 ልቦለድም ክሪኬት ሰውን እንደሚቀርጽ ትምህርት የተሣለበት ስፍራ ነው። በ1878 ሳንድኸርስት የመኮንኖች ማሠልጠኛ ገባ፤ አልተስማማውም። በማግሥቱ ዓመት ሊድስ፣ ሄዲንግሊ ውስጥ በመምህሩ በሲሪል ራንሰም ቤት ሳለ ታምሞ ኅዳር ላይ ዐረፈ። በ1884 ለሲሪል የተወለደው አርተር ራንሰም ኋላ ስለ ሕፃናትና ስለ ጀልባ በጻፋቸው ልቦለዶች ገናና ሆነ። ለእነዚያ ልጆች ውኃ የዕረፍት ጊዜ ጨዋታ ነበር፤ ለእኛው ልጅ ግን መመለሻ የሌለው መንገድ።

አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለእናቱ»፣ ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ እንባ»፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ«ቴዎድሮስ» ተውኔቱ አባትየውን ሕያው አድርገውልናል። ልጁስ? በስንኞቻችን ብዙ ጊዜ የሚታየው አንገቱን የደፋ ፎቶግራፍ ሆኖ ነው። ውድ አንባቢ፣ ይህ ለምን ሆነ? በባዕድ ሜዳ ከእኩዮቹ ጋር ሲጫወት ስቆ ይሆናል ብለን ማሰብ የሚከብደን ይመስለኛል። ምርኮኛ ከሳቀ በደሉ የቀለለ ይመስለናል። በእኔ እምነት ግን ሳቁን ስንጨምርለት ኪሳራው ይበልጥ ይከብዳል፤ ያጣነው ሊያድግ፣ ሊያገባ፣ ሊያረጅ ይችል የነበረ ሰው መሆኑ ያን ጊዜ ይሰማናልና።

በግንቦት 2023 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ሌሎች ሙታንን ሳይነኩ ዐፅሙን ማውጣት አስቸጋሪ ነው ብሎ ጥያቄውን አልተቀበለም። በዚያው ዓመት መስከረም የስፒዲ ዘመዶች ያቆዩት የልዑሉ የፀጉር ዘለላ ለኢትዮጵያ ተሰጠ። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ በሰው እጅ ያለ ሀብት በራስ መዝገብ ካልሰፈረ ውሎ አድሮ ጠያቂ እንደሚያጣ ከሥራዬ ተምሬአለሁ። ዐፅሙን ለማምጣት የዊንድዘር ፈቃድ ያስፈልጋል። እነዚያን ዐሥራ አንድ ዓመታት በአማርኛ ለመጻፍ ግን የማንን ፈቃድ እንጠብቃለን?