ሳያመን የሚጥለን

እናንተ እኩዮቼ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በጅጋና በደምበጫ፣ በየገጠሩም ያላችሁ፣ ዛሬ የምናገረው ለልጆቻችን አይደለም። እነሱ ገና ጊዜ አላቸው። እኛ ሃምሳውን አልፈን ስድሳና ሰባን እየነካን፣ አሁንም «ገበሬና የገበሬ ልጅ ግፊት አያውቀውም፤ እሱ የአዲስ አበባ ሀብታም በሽታ ነው» እንላለን። ይህ ንግግር በየዓመቱ ሰው እየቀበረብን ነው።

አባቶቻችን በሬ ጠምደው ይውላሉ፤ ገበያ በእግራቸው ወጥተው በእግራቸው ይመለሳሉ። ያን ጉልበት ጤናችንን እንጠብቅ ብለው አላመጡትም፤ ኑሮው አስገድዶ ሰጣቸው። እኛ ግን ከዚያ ኑሮ ወጥተናል። መሬቱን ለልጅ ወይም ለእኩል አራሽ ሰጥተን ከተማ ገባን። ቤተ ክርስቲያን በባጃጅ፣ ገበያ በባጃጅ፣ ለቅሶ እንኳ በባጃጅ፤ የቀረው ጊዜ መደብ ላይ። የአባቶቻችንን ሥራ ትተን የአባቶቻችንን ገበታ ያዝን፤ ዘይትና ስኳር ደግሞ ጨመርንበት። ዛሬ ደህና ብንሆን በወጣትነታችን ጉልበት ነው፤ እሱም ዝም ብሎ አይቆይም።

የደም ግፊት ክፋቱ አለማመሙ ነው። ራስ የሚያመው ሰው ሐኪም ቤት ይሄዳል፤ ግፊት ያለበት ብዙው ሰው ግን ምንም አይሰማውም። በ2007 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተደረገው ጥናት ከአዋቂዎች ከስድስቱ አንዱ ያህል ግፊት ተገኝቶበታል፤ የገጠሩም ሰው አልተረፈም። አንድ ቀን ማለዳ እጅና እግር በአንድ ወገን ሲሰንፍ፣ አፍ ሲጣመም፣ ምላስ ሲታሰር «መጋኛ መታው» እንላለን። መጋኛ አይደለም። ብዙ ጊዜ ለዓመታት ያልተለካው ግፊት የአንጎሉን የደም ሥር ዘግቶት ወይም በጥሶት ነው። ያን ጊዜ ሰዓት ነው ዋጋ ያለው፤ በዚያው ቅጽበት ወደ ሆስፒታል ነው መሮጥ።

ቀስ ብሎ የሚገባ በሽታ ምን እንደሆነ እኛ ጎጃሞች ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብን። በቀዩ አፈራችን ላይ በባዶ እግሩ የኖረ ሰው እግሩ ሲያብጥ አይተናል። እርግማን ነው፣ የዘር ነው ሲባል ኖረ፤ ከቤተሰቡ የሚያገባ ጠፋ። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1960ዎቹ እዚሁ ኢትዮጵያ ሲሠራ ነገሩ የአፈሩ መሆኑን አስረዳ፦ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ አፈር ብናኙ በእግር ቆዳ ይገባል፣ ለዓመታት ይጠራቀማል፣ እብጠቱ የሚታየው ብዙ ዘግይቶ ነው። ከልጅነቱ ጫማ የተጫማ ዳነ። ዘግይቶ የጀመረውም ቢሆን እግሩን በየቀኑ ታጥቦ፣ ቅባት ቀብቶ፣ ጫማ ካላወለቀ እብጠቱ ይቀልለታል። የጨዉና የአረቄው ነገርም እንዲሁ ነው።

ጨዉን ልናገር። አማካዩ ኢትዮጵያዊ በቀን ከ8 ግራም በላይ ይበላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 በታች ይላል። በርበሬው ውስጥ ጨው አለ፣ ሽሮው ውስጥ አለ፣ ወጡ ሲወጣ ደግሞ ይጨመራል፤ ቡናውንም በጨው የሚጠጣ አለ። ተዉት አልልም፤ አገራችን የእንቅርት አገር ናትና አዮዲን ያለበትን የታሸገውን ጨው ግዙ፣ ክዳኑን ግጠሙ፣ መጨረሻ ላይ አድርጉ፣ ግን ቀንሱ። ምላስ በጥቂት ሳምንት ይለምደዋል።

አረቄን በተመለከተ አልለሳለስም። ዳግም አረቄ ግማሽ ያህሉ አልኮል ነው። በብርድ ያሞቃል የሚባለው ለመጠጣት የተፈለሰፈ ምክንያት ነው። በማለዳ ያለ ምግብ የሚጎነጨውን እኩያችንን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም።

ጾሙን አትንካብኝ የሚል ይኖራል፤ አልነካም። የሚያሳስበኝ የሚፈታበት ቀን ነው፦ ሃምሳ አምስት ቀን ቆይቶ በአንድ ጠዋት ጥሬ ሥጋ፣ ቅቤና አረቄ። ሥርዓታችን የሰጠን ሌላ ሀብትም አለና እሱን ረስተነዋል፤ ስግደቱን። ሰግዶ የሚነሳ ሰው ጭኑንና ወገቡን ያሠራል፤ አርጅቶም ከበርጩማ እጁን ሳይደግፍ ይነሳል። ጉልበቱ ያመመው ወንበር ይዞ ይነሳ፣ ይቀመጥ። በመቋሚያ ቆሞ ቅዳሴ የሚያስቀድስም ከተቀመጠው ይሻላል። የቀረውን በእግር ሂዱ፤ ባጃጁ ለሸክም ይሁን።

«በዚህ ዘመን ስለ ጨው ታወራለህ?» የሚለኝ አለ። በነሐሴ 2015 ፍኖተ ሰላም ላይ የደረሰውን ጥቃት የምናውቅ ሰዎች ነን፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን መንገድ ሲዘጋ ቀድሞ የሚወድቀው ማነው? መድኃኒቱ ያለቀበት የግፊትና የስኳር ታማሚ ነው። ስለዚህ መንገድ ሲከፈት ቢያንስ የአንድ ወር መጠባበቂያ ለማግኘት ከሐኪማችሁ ጋር ተመካከሩ። የጤና መድን መዋጮውንም ምርት ተሸጦ እጃችሁ ብር ሲይዝ ክፈሉ። መድኑ ሲጀመር ደቡብ አቸፈር ከመጀመሪያዎቹ 13 ወረዳዎች አንዷ ነበረች፤ እንግዳ ነገር አይደለም።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን «ተሽሎኛል» ብሎ ክኒኑን የሚተወው ነው። የተሻለው በክኒኑ ነው። ጠበል ገብቻለሁ የሚለውም እንዲሁ። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት ተጠይቀው ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው ይሄዳሉ ብለው አስተምረዋል። ለግፊቱ ክኒን የተለየ ሥርዓት አልወጣም።

የግፊቱን ልኬት እንዴት እናድርገው ለምትሉ፦ በሚቀጥለው ሰንበቴ ከጤና ጣቢያው አንድ ባለሙያ መለኪያዋን ይዛ ትምጣ። ላይኛው 140ና ከዚያ በላይ ወይም ታችኛው 90ና ከዚያ በላይ የወጣበት ሰው ሌላ ቀን ጣቢያው ሄዶ ይደገምለት። ሴቶቹም ይለኩ፤ በማጀት ጭስ የኖሩት እነሱ ናቸውና ሳንባቸውም ይታይ። ብቻ ጠላው ከመቀዳቱ በፊት ይሁን፤ ከተቀዳ በኋላማ የሚሰማት አታገኝም።